ወይኑን ያዳነው የማይሟሟ መዳብ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1882 የቦርዶ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ተመራማሪ ፒየር ማሪ አሌክሲ ሚላርዴ በሜዶክ፣ ሳን ዡሊየን በተባለ የወይን አገር ሲያልፉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ዳውኒ ሚልድዩ የተባለው ከአሜሪካ የመጣ በሽታ ማሳውን ቅጠል አልባ አድርጎታል፤ መንገድ ዳር ያሉት ሐረጎች ግን ቅጠላቸው አልረገፈም። ቀረብ ብለው ሲያዩት ሰማያዊ ብናኝ ደርቆ ተጣብቆበታል። የእርሻው ኃላፊ ኤርነስት ዳቪድ ምክንያቱን ነገሯቸው፦ አላፊ አግዳሚው ፍሬ እየቀጠፈ ስላስቸገረ፣ መርዝ መስሎት እንዲፈራ የመዳብ ሰልፌትና ኖራ በጥብጠው ይረጩበታል።

ታሪኩን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨርሶ ዕድል ነው ይለዋል። እኔ ግን ዋናው ቁም ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ይመስለኛል። መዳብ ፈንገስን እንደሚጎዳማ ቤኔዲክት ፕሬቮ የስንዴ አረማሞን ሲመረምር ደርሶበት በ1807 አሳትሞታል። የቸገረው መዳቡን ቅጠሉ ላይ ማቆየት ነበር። የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፤ ብቻውን ሲረጭ ቅጠል ያቃጥላል፣ የተረፈውንም ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል።

ኖራ ሲገባበት ነገሩ ይለወጣል። የሰልፌቱ ውሃ አሲዳማ ነው፤ ኖራ ደግሞ ቤዝ ስለሆነ አሲዱን ያከሽፈዋል። መዳቡም እምብዛም ወደማይሟሟ ውሁድ ይቀየርና ጥርት ያለው ሰማያዊ ውሃ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ድብልቁ ቅጠል ላይ ከደረቀ በኋላ ዝናብ በቀላሉ አያስለቅቀውም፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ግን ከላዩ ጥቂት መዳብ ይሟሟል። የሚልድዩ ስፖር (የመራቢያ ቅንጣቱ) ቅጠሉን ለመውረር የግድ ውሃ ይፈልጋል፤ በጠብታው ውስጥ እየዋኘ የቅጠሉን ቀዳዳ ሲፈልግ መዳቡ እዚያው ይገድለዋል። ለስፖሩ የሚበቃው መጠን ለወይኑ ቅጠል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሚላርዴ ከኬሚስቱ ኡሊስ ጋዮን ጋር ሆነው ነገሩን በሙከራ አረጋግጠው በ1885 ይፋ አደረጉት። የመጀመሪያው አሠራር 8 ኪሎ የመዳብ ሰልፌት በ100 ሊትር ውሃ፣ 15 ኪሎ ኖራ በ30 ሊትር ውሃ ለየብቻ በጥብጦ መቀላቀል ነበር። ይህም የቦርዶ ድብልቅ ተባለ።

ያው አለመሟሟቱ ግን ዕዳም አለው። ታጥቦ የወረደው መዳብ አይበሰብስም፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት በተረጨ ማሳ አፈር ውስጥ ተከማችቶ የምድር ትሎችን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ በላይ መዳብ እንዳይረጭ ገድቧል። በተፈጥሮ ዘዴ የሚያመርቱ ወይን ገበሬዎች ግን ሚልድዩን የሚመክት ብዙ አማራጭ ስለሌላቸው ዛሬም ይረጩታል።