የስኔፕ ብቅል ቤት፦ ከገብስ እስከ ኦርኬስትራ
የምሥራቅ እንግሊዟ ሰፎክ ከጥንት የገብስ አገር ናት፤ የለንደን ጠማቂዎች ደግሞ ብቅል ይፈልጉ ነበር። ነጋዴው ኒውሰን ጋሬት በ1841 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኦልድ ወንዝ ዳር በምትገኘው ስኔፕ መንደር የእህል ንግድ ያዘ፤ ከዓመታት በኋላም ብቅል ማብቀል ጨመረበት። ሥራው ጠላ የጠመቀ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ወለል ላይ ተሰጥቶ ይጎነቁላል፣ ከዚያም እሳት በሚነድበት ክፍል ይደርቃል። ብዛቱ ግን ረጃጅም የቀይ ጡብ ሕንጻዎችን ጠየቀ። ብቅሉን ባለሸራ ጀልባዎች፣ ከ1859 ወዲህ ደግሞ ባቡር ያጓጉዙት ነበር።

ይህ የገብስ ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ሲያከትም ግን ፈጠነ፤ የባቡር መስመሩ በ1960 ተዘጋ፣ በ1965 ደግሞ ብቅል ቤቱ ሥራ አቆመ።

የሚቀጥለው ዘመን መሠረት አስቀድሞ ተጥሎ ነበር። በ1938 ስኔፕ ውስጥ በቀድሞ ወፍጮ ቤት መኖር የጀመረው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን፣ በ1948 ከድምፃዊው ፒተር ፒርስና ከኤሪክ ክሮዢየር ጋር በአጎራባቿ ኦልድብራ የሙዚቃ ፌስቲቫል መሠረተ። ታዳሚው እየበዛ ሲሄድ የከተማዋ አዳራሽ ጠበበ። አዳራሽ ያጣ ፌስቲቫልና ሥራ የፈታ ሕንጻ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ነበሩ፤ ሁለቱ መገናኘታቸው የዚህ ታሪክ ዋና መታጠፊያ ነው።

ብቅል ቤቱን ወደ ሙዚቃ አዳራሽ የለወጠው የመሐንዲሱ የዴሪክ ሰግደን ትልቁ ጥበብ፣ በእኔ እምነት፣ ሳይነካ የተወው ነገር ላይ ነው። ወፍራሙን የጡብ ግድግዳ በልስን አልሸፈነውም። ጣሪያው በአዲስ እንጨት ቢሠራም ሾጣጣ ቅርጹን አልለቀቀም፤ የድሮዎቹን የጭስ ማውጫ ቆቦች የሚመስሉት አዳዲሶቹ ዛሬ አየር ያስወጣሉ። ድምፁን ሞቅ አድርጎ የሚመልሰውም ይኸው ጡብና ከፍ ያለ ጣሪያ ነው። ከ800 በላይ ሰው የሚይዘውን አዳራሽ ንግሥት ኤልሳቤጥ በጁን 1967 መርቀው ከፈቱት።

በ1969 ፌስቲቫሉ በተከፈተበት ሌሊት አዳራሹ ተቃጠለ፤ የተረፈው ግድግዳው ነበር። በአዳራሹ ሊቀርብ የነበረው የሞዛርት ኦፔራ ወደ ብላይትበራ ቤተ ክርስቲያን ተዛውሮ ቀረበ፤ አዳራሹም ለ1970ው ፌስቲቫል ታድሶ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የመስፋፋት ነው። ብሪተን በ1976 ካረፈ በኋላ ወጣት ሙዚቀኞች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት በግቢው ተከፈተ። በ2009 ደግሞ በፈራረሰ የርግብ ቤት ግድግዳ መካከል የዛገ መልክ ያለው የብረት ስቱዲዮ ቆመ። በ2015 ፌስቲቫሉን የሚመራው የሙዚቃ ተቋም ግቢውን በሙሉ ገዛ፤ ከሱቆቹና ከምግብ ቤቶቹ የሚገኘው ገቢም የሙዚቃውን ሥራ ይደግፋል።