ግድግዳው ተበስቷል ወይስ አልተበሳም?

ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የገባ አንድ ገበሬ እናስብ። በሬ ወግቶታል፤ ቀንዱ ከእምብርቱ በላይ፣ ከቀኝ ጎድኑ ሥር ገብቶ ወጥቷል። ተረኛው ሐኪም ቁስሉን ያጥባል፣ ያያል፣ ይሰፋል፤ ካርዱ ላይ «የሆድ ቁስል፣ ተሰፍቷል» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ይሄዳል፤ ወረፋው ብዙ ነው። በማግስቱ ካርዱ፣ ለበሽታዎችና ለጉዳቶች የምደባ ኮድ የሚሰጠው ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ባለሙያው ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ቀንዱ ቆዳውንና ጡንቻውን ብቻ ቀደደ ወይስ የሆድ ዕቃን የሚሸፍነውን ስስ ልባስ፣ ፐሪቶኒየምን፣ በስቶ ገባ? ካርዱ አይመልስም። ሐኪሙ ግን አይቶታል፤ በጣቱ ዳስሶታል።

የቁስል አመዘጋገብ ጥያቄ ጥንታዊ ነው። ቁስልን በሥርዓት ከመዘገቡ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ፣ ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1862 እ.ኤ.አ. ሉክሶር ውስጥ የገዛው የግብፅ ፓፒረስ ነው። የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ ሲሆን 48 ጉዳቶችን ይዟል። ለጉዳቱ ስም ይሰጣል፣ አመረማመሩን ይናገራል፣ ከዚያም ከሦስት ፍርዶች አንዱን ያስቀምጣል፤ የማክመው፣ የምታገለው፣ የማይታከም። ከራስ ቅል ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ አከርካሪ ላይ ሲደርስ ዐረፍተ ነገሩ ሳይዘጋ ይቋረጣል። ሆድ ጋ አልደረሰም። ባሰብሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጴርጋሞን የግላዲያተሮች ሐኪም የነበረው ጋሌን ግን ደርሷል። የተቀደደ የሆድ ግድግዳ ሲሰፋ መርፌው በየትኛው ሽፋን ማለፍ እንዳለበት በዝርዝር ጽፏል። ሞራው በቁስሉ በኩል ወጥቶ የተቆረጠበት አንድ ግላዲያተር መዳኑን፣ ሆዱ ግን ብርድ አልችል ብሎ በሱፍ ይሸፍነው እንደነበር ሳይቀር መዝግቧል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው የአሌክሲስ ሴንት ማርቲን ታሪክ ነው። በጁን 1822 መጀመሪያ ላይ ዛሬ ሚቺጋን በሚባለው ግዛት፣ በማኪናክ ደሴት፣ የአውሬ ለምድ በሚነገድበት ሱቅ ውስጥ ጠመንጃ ባርቆ ይህን ወጣት ካናዳዊ ከቅርብ መታው። በደሴቱ የነበረው የጦር ሰፈር ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ያድራል ብሎ አላሰበም። አደረ፤ ከረመም። ነገር ግን ጨጓራው ከሆዱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ዳነ፤ ቀዳዳውም አልዘጋ አለ። ቦሞንት በ1825 ሥጋና ጎመን በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ይከትት፣ ሰዓት እያየ መልሶ ያወጣ፣ ምን ያህል እንደሟሟ ይጽፍ ጀመር። ከ200 በላይ ሙከራዎች የተሰበሰቡበትን መጽሐፍ በ1833 አሳተመ፤ ዓለም ስለ ምግብ መፈጨት ያወቀው ብዙ ነገር ከዚያ ቀዳዳ ወጣ። ሴንት ማርቲን መጻፍ አይችልም ነበር፤ በሚታወቅበት መዝገብ ላይ በራሱ እጅ የጻፋት ቃል የለችም። በ1880 ሲሞት ቤተሰቡ ሐኪሞች አስከሬኑን እንዳይከፍቱት ሆን ብለው እስኪበላሽ አቆዩት። እውነት ነበራቸው እላለሁ።

መዝገቡን ከአንድ ሰው ወደ ሺዎች ያሰፋው ጦርነት ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሐኪሞች ሪፖርት ከየግንባሩ ተሰብስቦ ከ1870 እስከ 1888 በስድስት ግዙፍ ጥራዞች ታተመ። የጦሩ ሐኪም ጆርጅ ኦቲስ የሆድ ጉዳቶችን ሲያዘጋጅ ግድግዳው ላይ የቀሩትን ከበሱት ለየ። ዘልቆ የገባ የጥይት ቁስል ከነበራቸው ከ100 ሰዎች 87 ገደማ ሞተዋል። እንዲያም ሆኖ በ1899 በጀመረው የቦር ጦርነት የብሪታንያው ሐኪም ዊልያም ማኮርማክ ሆዱን የተመታ ወታደር በቀዶ ሕክምና ካልተነካ ይተርፋል የሚል ምክር ሰጠ። በሩሲያና ጃፓን ጦርነት ሩሲያዊቷ ሐኪም ቬራ ጌድሮይትስ በባቡር ፉርጎ ውስጥ፣ ቁስለኛው ሳይዘገይ፣ ሆድ ከፍታ አዳነች፤ ያደረገችውንም በሪፖርት አሰፈረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀዶ ሕክምናው መደበኛ ሆነ። ክርክሩ የጥልቀትና የሰዓት ነበር። ሁለቱ ያልተጻፉበት ካርድ ለማንም ምስክር አይሆንም።

ለካርዱ ኮድ የሚሰጥባቸው የበሽታ ዝርዝሮች ራሳቸው የተወለዱት ከሞት ቆጠራ ነው። ጆን ግራንት በ1662 የለንደንን ሳምንታዊ የሞት መዝገቦች መረመረ፤ የሞቱን ምክንያት የሚያመጡት አስከሬን እያዩ የሚዞሩ አሮጊቶች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዊልያም ፋር አንድ በሽታ በሦስትና በአራት ስም መጠራቱን አማረረ፤ ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን በ1893 ቺካጎ ላይ ዓለም አቀፍ የሞት ምክንያቶች ዝርዝር አቀረበ። በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ስድስተኛውን እትም ሲያጸድቅ ዝርዝሩ ለሟች ብቻ ሳይሆን ለሕያው በሽተኛም ሆነ።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ ገባበት። ከ1983 ጀምሮ የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ለሆስፒታል የሚከፍለው በሽተኛው በተመደበበት የምርመራ ቡድን መጠን ሆነ። በዝርዝሩ ዘጠነኛ እትም የፊተኛው የሆድ ግድግዳ ክፍት ቁስል 879.2 ነበር፤ ከተወሳሰበ 879.3። ኦክቶበር 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ወደ አሥረኛው ስትሻገር እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ተበተኑ። ወደ ፐሪቶኒየም ያልዘለቀው ኤስ 31.1፣ የዘለቀው ኤስ 31.6 ሆነ። ከእነዚህ ቀጥለው የሚመጡት ፊደላትና ቁጥሮች ቁስሉ መሰንጠቅ ነው ወይስ መወጋት ወይስ ንክሻ፣ ባዕድ ነገር ቀርቶበታል ወይ፣ ከሆዱ የትኛው ክፍል ላይ ነው፣ በሽተኛው በሕክምናው መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ በክትትል ላይ ብለው ይጠይቃሉ። ሐኪሙ ራሱ የከፈተው ቁስል ሲፈታ ግን ከዚህ ቤት ይወጣል፤ ቦታው ቲ 81.3 ነው። የቆዳው ስፌት ብቻ ከተፈታና የውስጡ ከተፈታ ደግሞ ለየብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዝርዝር ለክፍያ ሲባል ብቻ የሚሞላው ሰው ብዙ ነው፤ ያሳዝነኛል፤ ጥያቄዎቹ ግን ጋሌን መርፌ በእጁ ይዞ የጠየቃቸው ናቸው።

አገራችንም ከዚሁ ዓለም አቀፍ ዝርዝር የተቀዳ ብሔራዊ የበሽታዎች ምደባ አላት። እዚህ ኮዱን የሚጠብቀው የመድኃኒትና የስፌት ክር ዕቅድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያው ገበሬ ነው። ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ላይ እብጠት ወጥቶ፣ ጎንበስ ሲል የሚገፋው ነገር ኖሮ ይመለሳል። እብጠቱን ያየችው ሐኪም ቀንዱ ያኔ የት ድረስ እንደገባ ማወቅ ይኖርባታል። ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ መደርደሪያውን ፈትሾ፣ አቧራውን አራግፎ፣ የቆየውን ካርድ ያመጣላታል። ትገልጠዋለች። «የሆድ ቁስል፣ ተሰፍቷል» ይላል።