አንበሳው፣ ጓሳውና የአንኮበሯ ወፍ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሰሜን ሸዋ የራሷ አርማ ይኑራት ቢባልና እርሳሱ እናንተ እጅ ቢገባ ምን ትስላላችሁ?

አብዛኞቻችሁ አንበሳ እንደምትሉ እገምታለሁ። አንዳንዶቻችሁ የአንኮበርን ቤተ መንግሥት፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የምኒልክን ባርኔጣ ትስላላችሁ። ብርድ የመታው የደብረ ብርሃን ልጅ ካለ ባና ሳይል አይቀርም።

ጥያቄው የመጣብኝ ስለ ህንድ ሳነብ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ክልል ከአርማው ሌላ የራሱ እንስሳ፣ የራሱ ወፍ፣ የራሱ ዛፍና የራሱ አበባ አለው፤ ሁሉም በይፋ የታወጁ ናቸው። ኬረላ ዝሆንን መርጣለች፣ ጉጃራት አንበሳን። የእኛ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ ክልሎች የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና አርማ ሊኖራቸው እንደሚችል ይናገራል፤ ስለ ወፍና ስለ ዛፍ ግን አያነሳም። ይሁን። ግን ምልክት ከየት ይመጣል? ማነውስ የሚመርጠው?

ከአንበሳው እንጀምር።

የሸዋ ገዢዎች ለረጅም ጊዜ የሚጠሩት «መርዕድ አዝማች» በሚል ማዕረግ ነበር። ንጉሥ መባል የጀመሩት በሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ.ም.) ነው። ቤተ መንግሥታቸው አንኮበር ላይ ነበር፤ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ልዑክ ከሻምበል ሃሪስ ጋር የወዳጅነት ውል የተዋዋሉትም እሳቸው ናቸው። የሸዋ ቤት ሥልጣኑን የሚያስረዳው በዘር ሐረጉ ነበር፤ ከአፄ ልብነ ድንግል ልጅ ከያዕቆብ እንወርዳለን፣ ስለዚህም የሰሎሞን ዘር ነን ይሉ ነበር። ማዕረግ እዚህ ላይ ጌጥ አይደለም፤ ክርክር ነው። «እኛም ዘውድ ይገባናል» የሚል ክርክር።

ክርክሩ የቀልድ እንዳልነበረ የምታዩት በልጅ ልጃቸው ነው። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለደ። ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዝ በልጅነቱ ተወስዶ በመጨረሻ መቅደላ ላይ ታሰረ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጦ ሸዋን መልሶ ያዘ። በ1870 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው ልቼ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ሲታረቅ ግን አንድ ከባድ ነገር መተው ነበረበት፦ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ስም። መሬቱን ይዞ ቀረ፣ ስሙን ለቀቀ። ስሙን እስከ መጨረሻው የያዘው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1882 ዓ.ም. ሲነግሥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘውድ የደፋው አንበሳ ፓሪስ ላይ በታተመው ብር ጀርባ ወጣ፤ ገንዘቡ ላይ ያለው ዓመት 1887 ነው። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውም አብሮት ተጻፈ። ለገበያተኛው ብር ነው፤ ለንጉሡ ግን እጅ በእጅ የሚዞር የዘር ሐረግ።

እንግዲህ አንበሳው ከላይ ወደ ታች የወረደ ምልክት ነው። ከላይ የወረደ ደግሞ ከላይ ይሻራል። በ1966ቱ አብዮት ማግስት ደርግ ዘውዱን ከአንበሳው ራስ ላይ አወለቀ፤ የያዘው በትር ጫፍ ላይ የነበረውም መስቀል ወደ ጦር ተለወጠ። በ1980 ዓ.ም. ኢሕዲሪ ሲመሠረት ሌላ አርማ መጣ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በሰማያዊ መደብ ላይ ያለው ኮከብ ተተካ። አንዱ የጫነውን ሌላው ያወርዳል። ሐቀኛ እንሁን ካልን ደግሞ ያ አንበሳ አንኮበር ላይ ኩራት ሲሆን፣ ሠራዊቱ በዘመተበት አገር ለተወለደ ሰው ሌላ ትዝታ ነው። ሁለቱም ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ ሁለቱም አልዋሹም።

ከዚህ ሁሉ መለዋወጥ የተረፈ አንድ ነገር አለ፦ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ። መሐሉ ላይ ባለው ነገር እስከ ዛሬ እንጨቃጨቃለን፤ ሦስቱ ቀለማት ግን ከዓድዋ ማግሥት በአንድ ጨርቅ ላይ ከተሰፉ ጀምሮ በየመንግሥቱ ተሻግረዋል። ጋና እንኳ እ.ኤ.አ. በ1957 ነጻ ስትወጣ ወስዳቸዋለች። ለምን ተረፉ? እንደኔ እንደኔ ሕዝቡ ከቤተ መንግሥት ወስዶ በነጠላው ጥለት፣ በስታዲየሙ፣ በሠርጉ ላይ የራሱ ስላደረጋቸው ነው።

አሁን ወደ መንዝ ውጡልኝ። ጓሳን የምታውቁት በጭላዳና በቀይ ቀበሮ ፎቶ ይሆናል። ስሙ ግን የሣር ስም ነው። ጓሳ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ይህ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ደጋ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በ«ቄሮ» ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። አቅኚዎቹ አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው ይባላል። ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ ሣሩ እስኪደርስ መሬቱ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት። ሲደርስ ተመክሮ ይከፈታል፣ ሁሉም ያጭዳል፣ እንደገና ይዘጋል። ፓርክ የሚባል ቃል ሳይሰማ በፊት መሆኑ ነው።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቄሮን ሥርዓት አፈረሰው። ነገሩ ግን እንደ አንበሳው ዘውድ ወርዶ አልቀረም። ነዋሪው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠለ፤ በኋላ ክልሉም በሕግ የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ አወቀው። አዋጁ ከጥበቃው ኋላ ነው የመጣው።

ህንዶቹም ይህን ያውቁታል። የራጃስታን ዛፍ ኬጅሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1730 የጆድፑር ንጉሥ ወታደሮች ለቤተ መንግሥት ግንባታ ኖራ ማቃጠያ ሊቆርጡት ሲመጡ፣ አምሪታ ዴቪ የምትባል ሴት ግንዱን አቅፋ ቆመች። እሷን ተከትለው 363 የቢሽኖይ ሰዎች ሞቱ። ዛፉ በይፋ የክልሉ ዛፍ የተባለው ከዚያ በኋላ ከ250 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። የዚያው የራጃስታን ወፍ ደግሞ ረጅም እግር ያላት ትልቅ የሜዳ ወፍ ናት። አዋጅ አላት፣ ማዕረግ አላት፤ ዛሬ በዱር የቀሩት ግን ሁለት መቶ እንኳ አይሞሉም። አዋጅ ብቻውን ወፍ አያድንም።

የእኛም ወፍ አለች። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የነገሥታቱ ፍርስራሽ ካለበት ኮረብታ አጠገብ፣ በአንኮበር ገደሎች ላይ የምትኖር ትንሽ ቡናማ ወፍ። ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በ1979 የከተማዋን ስም ሰጣት። በኋላ ስሜን ተራሮችም ላይ ተገኘች፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ግን የለችም። ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት ተርታ ናት። አንኮበር ስሟን ለዓለም ያሰፈረችው በንጉሥ ብቻ አይደለም፤ በዚህች ወፍም ጭምር ነው። ስንቶቻችን እናውቃታለን?

አንበሳውን ጣሉት ማለቴ አይደለም። ታሪክ ነው፣ ከነኩራቱና ከነቁስሉ ይጠና። እርሳሱ እኔ እጅ ቢገባ ግን አንድ እስር የጓሳ ሣር እስላለሁ፣ ከላዩ ላይ ትንሿን ወፍ አስቀምጣለሁ። ዘውድ አልደፋላትም፤ የሚያወርድባት እንዳይመጣ።

እናንተስ?