የቤዝ ጊታር ፒክአፕ

ፒክአፕ በኤሌክትሪክ ጊታር ወይም በቤዝ ጊታር ላይ፣ ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ የክርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ ነው። ውስጡ ማግኔትና በሺዎች ዙር የተጠቀለለ፣ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር በማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ በሽቦው ላይ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ እሱን አጉልቶ ለስፒከር ይሰጣል። ጊታሩ፣ ክሩና ጣቱ ሳይለወጡ ፒክአፑ ብቻ ቢቀየር የድምፁ ቀለም ይለወጣል። ምን ያህል ይለወጣል በሚለው ላይ ግን ሻጭና ሙዚቀኛ እምብዛም አይስማሙም።

የዘመናዊው ቤዝ ጊታር አባት ሊዮ ፌንደር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራው ፕሪሲዥን ቤዝ በ1951 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ለገበያ ሲወጣ አንድ ተራ ፒክአፕ ነበረው። በ1957 ፒክአፑ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለሁለቱ ወፍራም ክሮች፣ ግማሹ ለሁለቱ ቀጭኖች ሆነ፤ ዛሬ በሙዚቀኞች ዘንድ «ፒ» የሚባለው ይህ ነው። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ሁለት ቀጫጭን ፒክአፖች ይዞ «ጄ» ተባለ። በ1976 ደግሞ ሙዚክማን ስቲንግሬይ ባለ ትልልቅ ማግኔት አንድ ሰፊ ፒክአፕና በባትሪ የሚሠራ ቅድመ ማጉያ ይዞ ወጣ። በመለዋወጫነት ከሚሸጡት ፒክአፖች አብዛኞቹ የእነዚህ የሦስቱ ዘሮች ናቸው።

ከሮሃ እስከ ሮሃ ባንድ

ሮሃ የላሊበላ ከተማ የጥንት ስም ነው። ስሙን ከተማዋ ካለችበት ከላስታ ደጋ አውጥቶ በካሴት በየቤቱ ያስገባው ሮሃ ባንድ ሲሆን፣ የቤዝ ጊታር ታሪካችን አንዱ ዋና ገጽም እሱ ነው። ባንዱ ቀድሞ ኢቤክስ ይባል ነበር፤ ማሕሙድ አህመድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን የቀዳው ከኢቤክስ ጋር ነው። ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን ሰላም ስዩም ይጫወቱ ነበር። በዋልያስ ባንድ ደግሞ መላከ ገብሬ በ1977 በወጣው «ቼ በለው» አልበም ላይ ቤዝ ተጫውቷል። በእነዚህ ሥራዎች ቤዙ ከኋላ ተቀምጦ የሚያጅብ አይደለም፤ አንድ ሐረግ እየመላለሰ ዘፈኑን በጀርባው ይሸከማል። ለዚህ ዓይነት አጨዋወት ፒክአፕ የሚመርጥ ሰው ለሮክ ከሚመርጠው ሰው ጋር አንድ ነገር አይፈልግም።

ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የካሴት ማጫወቻም ሆነ የሚኒባስ ስፒከር ይህን ድምፅ በደንብ አያወጣውም። ጆሯችን ቤዙን የሚለየው ከእሱ በላይ ካሉት ተከታይ ንዝረቶች፣ ከ82፣ ከ123 እና ከ164 ነው። ታችኛውን ብቻ የሚያጎላ ፒክአፕ በትልቅ አዳራሽ ደረት ይነካል፤ በታክሲ ውስጥ ግን ይጠፋል። የችክችካ ምት ሲፋጠንም ተከታታዮቹ ኖታዎች ይደባለቁበታል። ስለዚህ «በጣም ወፍራም ድምፅ» ተብሎ የተሸጠ ፒክአፕ ለአገራችን ሙዚቃ የግድ ጥሩ አይደለም፤ እንዲያውም መሐሉን ጠርቶ የሚያወጣ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ቅኝቶቻችንም ሌላ ምክንያት ያክላሉ። በወሎው ተራራ ስም በተጠራው በአምባሰል ቅኝት ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው በግማሽ ቶን ብቻ ከፍ ይላል፤ አንቺ ሆዬ ውስጥም እንዲህ የተጠጉ ድምፆች አሉ። ቤዙ መነሻውን ይዞ ዘፋኙ በግማሽ ቶን ሲጠጋው የታፈነ ፒክአፕ ሁለቱን አንድ ጭጋግ ያደርጋቸዋል።

ሽቦ፣ ማግኔት፣ ቦታ

የሽቦው ዙር ሲበዛ ፒክአፑ የሚያወጣው ኃይል ይጨምራል፤ ቀጭኑ የድምፁ ክፍል ግን ይቀንሳል። ሻጮች ሁልጊዜ የሚያነሱት የኦም ቁጥር (ለ«ፒ» 10 ኪሎ ኦም ገደማ፣ ለ«ጄ» 7 ወይም 8) ይህን በሩቁ ይጠቁማል እንጂ ስለ ቀለሙ ብቻውን አይመሰክርም። አልኒኮ የሚባለው የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ማግኔት ለስለስ ያለ ነው ይባላል፤ ሴራሚኩ ጠንከር ያለ። ልዩነቱ እውነት ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከሚነገረው ያነሰ ነው።

በጣም የሚበልጠው ቦታው ነው። ወደ አንገቱ የቀረበ ፒክአፕ ዋናውን ንዝረት አብዝቶ ይቀበላል፤ ወደ ድልድዩ የቀረበው ቀጭንና አጥንት ያለው ድምፅ ያወጣል። ፒክአፑን ብንቀይርም በእንጨቱ ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ከቦታው አይንቀሳቀስም። የ«ጄ» ቤዝ ባለቤት «ፒ» እንዲመስልለት ቢፈልግ የፈለገውን ፒክአፕ ቢገዛ ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ክሩን መቀየር (ያረጀ ክር ብሩህነቱን ያጣል)፣ ከዚያ በፒክአፑ ጎን ያሉትን ብሎኖች ይዞ ከፍታውን ማስተካከል ይጠቅማል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭኖ በክርና በማግኔት መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መተው የተለመደ መነሻ ነው። ማግኔቱ ከዚህ በላይ ሲጠጋ ክሩን ስለሚስበው ድምፁ ይወዛወዛል፣ ቶሎም ይሞታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ በሆነችው ላሊበላ በጋው ደረቅ ነው፤ ክረምቱ እርጥብ። የጊታር አንገት እንጨት በሁለቱ መካከል ስለሚንቀሳቀስ የተስተካከለው ከፍታ ለሁልጊዜ የተስተካከለ አይደለም።

የጀነሬተር እምምታ

ተራ አንድ ጥቅል ሽቦ የክሩን ድምፅ ብቻ አይቀበልም፤ በአካባቢው ያለውን የ50 ኸርዝ የመብራት ኃይልና የፍሎረሰንት አምፖል ንዝረትም ይሰበስባል፤ ይህም እምምታ ሆኖ ይሰማል። ጀነሬተር ባለበትም እንዲሁ ነው። ላሊበላ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ጊዜ ለወራት ያለ መብራት የቆየች ከተማ ናት፤ በጀነሬተር መጫወት ለአካባቢው ሙዚቀኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የተከፈለው «ፒ» ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ ስለተጠቀለሉና የማግኔት ዋልታቸውም ስለተገለበጠ እምምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የ«ጄ» ሁለት ፒክአፖች እንዲሁ የሚጠፋፉት ሁለቱም ቮልዩሞች እኩል ሲከፈቱ ብቻ ነው፤ አንዱን ሲቀንሱት እምምታው ይመለሳል። ለ«ጄ» ሁለት ጥቅሎች አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡበት መለዋወጫ ይሸጣል፤ ጸጥ ይላል፣ በምትኩ ትንሽ ብሩህነት ሊያጣ ይችላል። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠሩት፣ አክቲቭ የሚባሉት ደግሞ ጸጥታቸው ጥሩ ነው። ባትሪው ከሱቅ ሲጠፋ ግን ጊታሩ ዝም ስለሚል፣ ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚጫወት ሰው ባትሪ የማይፈልገውን እመክራለሁ። አክቲቭ የገዛም ቢሆን ሲጨርስ ገመዱን ይንቀል፤ ባትሪው መሟጠጡን የሚያቆመው ገመዱ ሲወጣ ነው።

ማሲንቆና ክራር

በላስታ ምሽት ከቤዝ ጊታር ይልቅ የሚሰማው ማሲንቆ ነው፤ በማግኔት ፒክአፕ ግን ድምፁን ማጉላት አይቻልም። ክሩ የፈረስ ጭራ ነውና ማግኔት አይሰማውም። የአንጀት ወይም የናይለን ክር ያለው ክራርም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ የሚያገለግለው ክሩ በሚያርፍበት እንጨት ወይም ቆዳ ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን የሚወስድ ፒዬዞ ነው፤ ከፒዬዞው ጋር ተስማሚ ቅድመ ማጉያ ካልተገጠመ ድምፁ ቀጥኖ ይመጣል። የብረት ክር የተገጠመበት ኤሌክትሪክ ክራር ግን የጊታር ፒክአፕ መሸከም ይችላል።

አገጣጠም

ከመግዛት በፊት የጉድጓዱን ርዝመት መለካት ያስፈልጋል። የ«ጄ» የአንገትና የድልድይ ፒክአፖች በ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስለሚለያዩ፣ «ሁለቱም አንድ ነው» ብሎ ያዘዘ ሰው እንጨት ሊፍቅ ይገደዳል። የአሮጌውን ሽቦዎች ቦታ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሶልደሩን ማሞቅ ነው። ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ ሁለት ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ድንገት ከሳና ታችኛው ክፍል ከጠፋ፣ የሁለቱ ሞገዶች በተቃራኒ መሄድ (በእንግሊዝኛ out of phase) ነው፤ የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ያስተካክለዋል። አንዱ ሽቦ ከፒክአፑ የብረት ሽፋን ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሽፋኑን ለብቻው ወደ ጊታሩ መሬት ሽቦ ማዞር ይቀድማል።