የምትሠራ አካል ጉዳተኛና ሕጉ፦ ከባና ፈትል እስከ ደመወዝ ግብር

በመንዝ አካል ጉዳተኛ ሠርቶ ማደር የጀመረው አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ነው። ባናና ዝተት የሚሠራበትን የበግ ጠጉር ከሚፈትሉት መካከል ዓይናቸው የማያይ ሴቶችም ነበሩ፤ እንዝርት የሚፈልገው ጣት ነው። ርስት ያላት ሴት እግሯ ባይታዘዛት እንኳ መሬቷን በእኩል አሳርሳ ከምርቱ ትካፈል ነበር። ርስት የሌላት ግን ዕጣዋ የዘመድ ደጅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። ይህን አናስውበውም።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴትና የታመመ ወይም ያረጀ ባለይዞታ ያለበትን ቤት ከክልከላው አወጣ። ማረስ ለማትችል ሴት ይህች ትንሽ በር ትልቅ ነበረች።

ስለ ቅጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 101/1986 ለአካል ጉዳተኞች የሥራ መደብ ይከለል የሚል ነበር። ሐሳቡ ደግ ቢመስልም ተከትሎት የመጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በመግቢያው ጉድለቱን በግልጽ ተናገረ፦ መደብ መከለሉ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው መሥራት እንደማይችሉ አስመስሏል። እኛም በዚህ እንስማማለን። አዲሱ ሕግ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዛል። መድልዎ ደረሰብኝ በምትል ሠራተኛ ላይ የማስረዳት ሸክም አይጥልም። ሴት አካል ጉዳተኞች በፆታቸውና በጉዳታቸው ድርብ ጫና እንዳለባቸውም ያነሣል፤ ይህን አንቀጽ አባሎቻችን ሁሉ ቢያውቁት ደስ ይለናል።

ወደ ግብሩ ስንመጣ ነገሩ ይቀዘቅዛል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በወር እስከ 600 ብር የሚደርስ ደመወዝ ግብር አልነበረበትም፤ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ይህ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ለሁሉም ሠራተኛ ነው። መሪ የምትከፍል ዓይነ ስውር መምህርትና በእግሯ ሮጣ የምትደርስ ባልደረባዋ ደመወዛቸው እኩል ከሆነ ግብራቸውም እኩል ነው፤ ለመሪው የወጣው ብር ከሒሳቡ አይቀነስም።

አንድ ለየት ያለ ቦታ አለ። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 ከሠራተኞቹ ከ60 በመቶ በላይ አካል ጉዳተኞች የሆኑበት የሥራ ቦታ የሚያቀርበውን ዕቃና አገልግሎት ከታክሱ ነፃ አደረገ። ስንሰማው ደስ አለን፤ ሒሳቡን ስንሠራ ግን ሳቅን። በዚያው አዋጅ ለታክሱ መመዝገብ ግዴታ የነበረው የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር ለሚበልጥ ነበር። ጥቂት ሴቶች ባና የሚሸጡበት ማኅበር ከዚያ መድረስ ሕልሙ ነው። ነፃ የተደረግነው ከማንከፍለው ነገር ነበር!

ከሁሉ ከባዱ ግን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ያመጣው ጥያቄ ነው። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ይከፈለዋል። የሚሠራ የሌለበት ቤት ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። አሠራሩ ለብዙ ቤት እህል አድርሷል። ነገር ግን ድንጋይ መሸከም የማትችል፣ ፈትል ግን የምትችል ሴት የት ትመደብ? ከመካከላችን «እሠራለሁ» ብለው ጮክ ብለው መናገር የሚያስፈራቸው አሉ፤ ድጋፉ እንዳይቋረጥ።

ተቀጥራ ስትሠራ ጉዳት የደረሰባት ሴት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይደርስላታል። በሕክምና ላይ ሳለች ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለስድስት ወራት 50 በመቶ ይከፈላታል፤ ክፍያውም የገቢ ግብር የለበትም። በቤቷ የምትፈትለዋ ግን አሠሪ ስለሌላት ካሳም የላትም። የ2003ቱ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ በመደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲገቡ በር ከፍቶ ነበር። መዋጮው ግን በየወሩ ነው፤ የፈትል ገቢ ደግሞ ገበያው እንደዋለ።