ሰንሰለቱ ለምን ይረዝማል?

ለቦሪና ለሞያሌ ሰው በረዶ ማለት አልፎ አልፎ ከኃይለኛ ዝናብ ጋር የሚወርድ፣ ሕፃናት ለቅመው አፋቸው ውስጥ የሚያሟሙት ነጭ ጠጠር ነው። መንደርን ከመንደር የሚያቆራርጥ፣ ለወራት ከምድር የማይነሣ በረዶ በዓይኑ ያየ ጥቂት ነው። እንዲህ ባለ አገር ስለ በረዶ ተሽከርካሪ፣ ያውም ስለ ሰንሰለቱ ርዝመት መጻፍ ነገርን ከሩቅ መጎተት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የዚህ ማሽን ታሪክ ከሥሩ ሲመረመር የሚገኘው መንገድ ማጣት ነው። መንገድ ማጣትን ደግሞ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ የሚኖር ሕዝብ በሚገባ ያውቀዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሽኑ ስኖውሞቢል ይባላል። ከፊት እንደ ሞተር ሳይክል መሪ ሲኖረው፣ ከመሪው በታች በጎማ ፋንታ ሁለት መንሸራተቻዎች ተገጥመውለታል። ከኋላው ደግሞ በውስጡ ጠንካራ ዘንጎች ያሉት ሰፊ የላስቲክ ሰንሰለት ይዞራል። ወደ ሚኒሶታና ወደ ካናዳ የተሰደዱ የአገራችን ልጆች ያውቁታል። ፖላሪስ የተባለው ኩባንያ በ1950ዎቹ አጋማሽ ይህን ማሽን መሥራት የጀመረው በዚያው በሚኒሶታ፣ ሮዞ በምትባል የሰሜን ከተማ ነበር። ብዙው ማሽን የሚነዳው በሌላ ማሽን በተደመደመና በተስተካከለ የበረዶ መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መንገድ የሚሠራው ስኖውሞቢል ሰንሰለቱ አጠር ያለ ነው፤ አጭሩ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ክብደቱም ትንሽ ነው። ነጂው ከተደመደመው መንገድ ወጥቶ እንደ ዱቄት የላላ በረዶ ውስጥ ሲገባ ግን አጭሩ ሰንሰለት ወደ ፊት መግፋቱን ትቶ ወደ ታች ይቆፍራል። ማሽኑ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ረጅም ሰንሰለት ወደ መግጠም የሚኬደው ያን ጊዜ ነው።

ሥራው ከሚታሰበው በላይ ውስብስብ ነው። ለመንገድ ማሽን የተለመደው የሰንሰለት ዙሪያ 121 ኢንች፣ ማለትም 307 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህን በ144 ኢንች ሰንሰለት የሚተካ ሰው 58 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ነገር ግን ሰንሰለት ዙሪያ ነውና ጭማሪው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ከላይ ሲመለስ በረዶውን የሚረግጠው 29 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ሰንሰለቱ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ረጃጅም ሐዲዶች በሌላ መተካት ወይም መቀጠል አለባቸው። ከላይ የሚሸፍነው የአሉሚኒየም አካልም ወደ ኋላ ይረዝማል። የሰንሰለቱ ጥርሶች ርቀት ከሚያዞረው ጥርሳም ጎማ ጋር እኩል ካልሆነ ደግሞ ጥርስ እየዘለለ ራሱን ይበላል። ሞተሩ ያው ሆኖ ሸክሙ ስለጨመረ የማርሽ ልኩን ዝቅ ማድረግም ግድ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ድካም የሚደረገው ለአንድ የሒሳብ ስሌት ሲባል ነው። ለምሳሌ ማሽኑና ነጂው በአንድነት 300 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ የሰንሰለቱ ስፋት 38፣ መሬት የሚነካው ርዝመቱም 110 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ መንሸራተቻዎቹን ሳንቆጥር በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 72 ግራም ያህል ያርፋል። 29 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር ክብደቱ ወደ 57 ግራም ይወርዳል። የከባድ ጭነት መኪና ጎማ በዚያችው ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ግራም የሚጫን መሆኑን ሲያስቡት ልዩነቱ ይታያል። ግመልም ይህን ሒሳብ ሳትማር ታውቀዋለች፤ እግሯ መሬት ሲነካ እንደ ትራስ ይሰፋል።

ሰዎች በዚህ መፍትሔ ላይ የደረሱት ሌላውን ሁሉ ከሞከሩ በኋላ ነው። በካሊፎርኒያ ስቶክተን በተባለ ስፍራ መሬቱ እንደ ስፖንጅ የራሰ ስለነበር፣ ቤንጃሚን ሆልት የእርሻ ትራክተሩ እንዳይሰጥም ጎማውን እያሰፋ እያሰፋ ሄደ። በመጨረሻ ማሽኑ ከጎን ወደ ጎን 14 ሜትር ያህል እስከሚሆን ድረስ ሰፋ። እንዲህ ያለውን ማሽን ማዞር እንዴት እንደሚያስቸግር መገመት ይቻላል። በኖቬምበር 1904 ጎማዎቹን አውልቆ በምትካቸው ሰንሰለት ገጠመ፤ ካተርፒላር የተባለው ስም የመጣውም ከዚህ ማሽን ነው። ከእርሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1901፣ አልቪን ሎምባርድ የተባለ አሜሪካዊ በሜይን ግዛት ከጫካ ግንድ የሚጎትት፣ ከኋላው ሰንሰለት ከፊቱ መንሸራተቻ ያለው የእንፋሎት ማሽን በስሙ አስመዝግቦ ነበር። የዛሬው ስኖውሞቢል አያት እርሱ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በረዶና አሸዋ በአንድ ሰው እጅ የተገናኙት ከዚያ በኋላ ነው። አዶልፍ ኬግሬስ የሚባል ፈረንሳዊ በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ኒኮላስ ጋራዥ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ የቤተ መንግሥቱ አውቶሞቢሎች በክረምት ይቆሙበት ነበር። የኋላ ጎማቸውን አውልቆ ተጣጣፊ ቀበቶ፣ ከፊት ደግሞ መንሸራተቻ ገጠመላቸው። አብዮቱ ሲፈነዳ ወደ አገሩ ተመለሰና ሐሳቡን ለሲትሮኤን ኩባንያ አቀረበ። በኬግሬስ ቀበቶ የተገጠሙት መኪናዎች በዲሴምበር 1922 ከቱጉርት ተነሥተው ሰሐራን በማቋረጥ በጃንዋሪ 1923 ቲምቡክቱ ገቡ። በኦክቶበር 1924 ደግሞ ስምንት መኪናዎች ከአልጄሪያ ተነሥተው አፍሪካን ሊያቋርጡ ወጡ። ካምፓላ ሲደርሱ በአራት ቡድን ተከፋፈሉ፤ ከእነዚህም አንዱ በናይሮቢ በኩል ወደ ሞምባሳ ወረደ። ለሩሲያ በረዶ የተፈለሰፈው ቀበቶ የኬንያን ምድር የረገጠው በዚህ ዓይነት ነበር።

በእኛ አካባቢ ግን ሰንሰለት በመጀመሪያ የታወቀው በጦርነት ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረበት ጊዜ በደቡብ ግንባር የነበረው ጄኔራል ግራዚያኒ ከአሜሪካ ጭምር ያስገዛቸውን ጭነት መኪናዎችና ባለ ሰንሰለት ትራክተሮች አሰልፎ ነበር። በጃንዋሪ 1936 ራስ ደስታ ዳምጠው በሚመሩት ሠራዊት ላይ ከዶሎ ተነሥቶ በመኪና እየገሰገሰ ነገሌ የገባው በዚሁ አቅም ነው። ሆኖም ሰንሰለት ብቻውን ድል አያስገኝም። አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 15 ቀን 1935፣ በሰሜን በደምበጉና የራስ እምሩ ተዋጊዎች የጠላትን ትንንሽ ታንኮች በጦር ሜዳው ላይ አስቀርተዋቸዋል። ታንኮቹ መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ የሚያይ ስለነበር ከኋላና ከጎን ለሚመጣባቸው እግረኛ መልስ አልነበራቸውም።

ሞያሌ ራሷ በጁላይ 1940 በኢጣሊያኖች ተከበበች፤ የእንግሊዝ ጦርም በሌሊት ለቅቆ ወጣ። በፌብሩዋሪ 1941 የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ክፍለ ጦር የቻልቢን በረሃ አቋርጦ ሜጋን ሲያጠቃ ያልጠበቀው ዝናብ ወረደበት። መኪናዎቹ በጭቃ ተያዙ፤ ወታደሮቹም በእግራቸው ተራራውን እየወጡ ተዋጉ። ሜጋ በፌብሩዋሪ 18 ተያዘች፤ ብዙም ሳይቆይ ሞያሌ ተመለሰች። ከመረሬ አፈር ጋር የታገለ ሁሉ የዚያን ቀን ሰልፈኞች ችግር ለመረዳት የጦር ታሪክ ማንበብ አያስፈልገውም።

ወደ በረዶው ልመለስ፤ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ታሪክ ያለው እዚያ ነው። በካናዳ ኩቤክ፣ ቫልኩር በምትባል መንደር ጆዜፍ አርማን ቦምባርዲዬ የሚባል መካኒክ ነበር። ገና በ15 ዓመቱ የፎርድ ሞተር በበረዶ ጋሪ ላይ ጭኖ መንደርተኛውን አስደንግጧል። በ1934 ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ በሆድ ሕመም በጠና ታመመ። ሐኪም ቤት ነበረ፤ መንገዱ ግን በበረዶ ተዘግቶ ነበር፤ አባት በየዓይነቱ የሚፈታታው ሞተር በጋራዡ ሞልቶ ሳለ ልጁን የሚያደርስበት መጓጓዣ አልነበረውም። ሕፃኑ ሞተ። ቦምባርዲዬ ሲሞክረው የቆየውን ጥርሳም ጎማና የላስቲክ ሰንሰለት ከዚያ በኋላ ከዳር አድርሶ በ1937 የባለቤትነት መብት አገኘበት። መጀመሪያ ሰባት፣ ቀጥሎም አሥራ ሁለት ሰው የሚይዙት ተሽከርካሪዎቹ ሐኪም፣ ፖስታና ተማሪ ያመላልሱ ጀመር።

ከዚያ የሆነው ነገር ለኛ ትልቅ ትምህርት ያለበት ይመስለኛል። በ1940ዎቹ መጨረሻ የኩቤክ መንግሥት የገጠር መንገዶችን በክረምት እያስጠረገ ክፍት ማድረግ ጀመረ። የቦምባርዲዬ ገበያ ወዲያው ወደቀ። ገበሬው በተራ መኪና መሄድ ከቻለ ባለ ሰንሰለት አውቶቡስ ምን ያደርግለታል? ባለሙያው ተስፋ ሳይቆርጥ ማሽኑን እያሳነሰ ሄዶ በ1959 ስኪዱ የተባለውን ለገበያ አቀረበ፤ ይህ ቀላል ማሽን በጥቂት ዓመታት ውስጥ መዝናኛ ሆነ። መዝናኛው የራሱን መንገድ ፈለገ፤ መንገዱም ተደመደመለት፤ በተደመደመ መንገድ ላይም አጭር ሰንሰለት በቃ። ዛሬ ሰንሰለት የሚያስረዝመው ሰው በብዛት መንገድ ያጣ ሳይሆን መንገድ የሰለቸው ነው።

በሞያሌና በኢሲዮሎ መካከል ግን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ያሰለቸ ሳይሆን ያሰቃየ ነበር። የቅኝ ገዢው መንግሥት በ1926 የሰሜን ድንበሩን አውራጃ የተዘጋ ክልል አድርጎት ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1965 የወጣው አሥረኛው የፓርላማ ሰነድ ደግሞ የልማት ገንዘብ ፈጥኖ ትርፍ ወደሚያስገኙ አካባቢዎች እንዲሄድ ወሰነ። የሰሜኑ አርብቶ አደር አገር ከዚያ ዝርዝር ውጪ ቀረ። ሌላው አካባቢ አስፋልት ሲለብስ የዚህኛው ነገር እንደ ግመል ሽንት ወደ ኋላ ሆነ።

መንገዱ ለተሽከርካሪው ካልተመቻቸ ተሽከርካሪው ለመንገዱ ይመቻቻል። በዲዳ ገልገሉ ድንጋይ፣ በቻልቢ አሸዋ፣ በዝናብ ጊዜ በጥቁሩ አፈር ላይ የሚነዱ ሾፌሮች ያላቸው መሣሪያ ጎማ ብቻ ነበር። አሸዋ ላይ ሲደርሱ ነፋሱን ያስተነፍሱታል። ጎማው ሲላላ መሬት የሚነካው ክፍሉ ይሰፋል ተብሎ ይታሰባል፤ በእርግጥ ግን ይበልጡን የሚጨምረው በርዝመቱ ነው። ስለዚህ የሞያሌ ሾፌር ተንበርክኮ ከጎማው ነፋስ ሲያወጣ የሚያደርገው፣ የሚኒሶታው ነጂ በጋራዡ ውስጥ በብዙ ገንዘብ ሰንሰለት ሲያስረዝም የሚያደርገውን ነው። ልዩነቱ ይኸኛው ጠንካራ መሬት ላይ ሲደርስ በእጅ ፓምፕ እንደገና መንፋት ያለበት መሆኑ ነው።

ከታች ከብት፣ ከላይ በብረቶቹ ላይ የተቀመጠ ሰው የጫኑት መኪናዎች ናይሮቢ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅባቸው ነበር። ሽፍታ በበዛበት ዘመን በፖሊስ ታጅበው በሰልፍ ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ይቆማል። በምጥ የተያዘች እናት በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ትላክ እንደነበር ሲታሰብ፣ የቫልኩሩ አባት ሐዘን የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ይቀራል።

የአስፋልቱ ሥራ ከኢሲዮሎ በኩል በ2007 ተጀምሮ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክና ሌሎችም ገንዘብ እያዋጡበት፣ ክፍል በክፍል እየተገፋ አሥር ዓመት ገደማ ወሰደ። ዛሬ አውቶቡስ ማታ ከሞያሌ ተነሥቶ ጠዋት ናይሮቢ ይገባል። በዲሴምበር 2020 የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ የጋራውን የድንበር መተላለፊያ ጣቢያ መርቀዋል። ነገር ግን አስፋልት አንድ መስመር ነው፤ ከእርሱ ወጥቶ ወደ ጓዳ ጎድጓዳው ለሚታጠፍ ሾፌር አሸዋውና መረሬው እንዳሉ ናቸው።

በቫልኩር የቦምባርዲዬ የመጀመሪያ ጋራዥ ሙዚየም ሆኖ ተጠብቋል፤ ሰንሰለቶቹም በየዘመናቸው ተደርድረው ይታያሉ። በሞያሌ መንገድ ላይ ለአርባ ዓመት የነዱ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ብዙዎቹ ዛሬም በመካከላችን አሉ። ለቻልቢ አሸዋ ጎማው ውስጥ ስንት ነፋስ ያስቀሩ ነበር? መኪናው በመረሬ ሲያዝ ከጎማው ሥር የሚያነጥፉት የትኛውን ቅርንጫፍ ነበር? የላሚ ክብደት ከፊት ሲሆንና ከኋላ ሲሆን መኪናው እንዴት ይለዋወጥባቸው ነበር? ካሴት መቅጃ ያለው ወጣት አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዞ ቢቀርባቸው ይነግሩታል።