ከዓለም በቃኝ እስከ ማንዴላ አዳራሽ

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ በነበረችው በኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ውስጥ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ ዒላማ መምታትንና ጓዝ ተሸክሞ መጓዝን ይማሩ ነበር። እኒህ ሰው ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። ለስድስት ወር የታቀደው ሥልጠና ሁለት ወር ያህል እንደ ዘለቀ ድርጅታቸው ወደ አገራቸው ጠራቸው፤ ኮሎኔል ታደሰ ብሩም አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩ ተያዙ፤ የእስር ዘመናቸውም 27 ዓመት ሆነ።

ዛሬ በአዲስ አበባ በማንዴላ ስም የሚጠራው ታላቅ አዳራሽ የሚገኘው በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ነው። በቻይና መንግሥት የ200 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ተሠርቶ ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ የስብሰባ ማዕከል፣ 2,500 ያህል ሰው የሚይዝ አዳራሽና ቁመቱ 99.9 ሜትር የሆነ ሕንጻ አለው።

ይሁን እንጂ ማዕከሉ ያረፈበት ምድር ባዶ አልነበረም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታነጸው የዓለም በቃኝ እስር ቤት በዚሁ በከርቸሌ ግቢ ነበር። (ከርቸሌ ከጣልያንኛ የተወረሰ ቃል ነው፤ «ዓለም በቃኝ» ግን የመናኝ ቃል ነው፤ በዚያ ግቢ ሳይወድዱ የመነኑ ብዙ ናቸው።) ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የተማሩ ኢትዮጵያውያንን አጎሩበት። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 ያህል ባለ ሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ የረሸነው እዚያው ነው። ለማንዴላ ሽጉጡን የሰጡት ታደሰ ብሩም በዚያው ዓመት በደርግ ትእዛዝ በጥይት ተገደሉ። በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ግቢው በወጣቶች ተጨናነቀ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተማይቱን የማደሱ ሥራ በተፋፋመበት ጊዜ እስር ቤቱ ፈረሰ። ብዙም ሳይቆይ በአጠገቡ በልደታ ያረጁ የቀበሌ ቤቶች ተነሥተው ኮንዶሚኒየሞች ቆሙ። ሰው የተሠቃየበት ግንብ በመውደቁ የሚያዝን የለም፤ ቂም ያለበትማ እልል ይላል። የሚያሳዝነው ምስክሩ አብሮ መውደቁ ነው። አሮጌን ሕንጻ ጠብቆ ማደስ ለከተማይቱ የማይቻል ሆኖ አይደለም፤ አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል የተዋበውና የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ መልኩን እንደ ያዘ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። ልዩነቱ የመረጣነው ትዝታ ላይ ነው፤ የክብራችንን ቤት ስናድስ የውርደታችንን ቤት አፈረስን።

ኅብረቱ ራሱ ጉድለቱን ሳይገነዘብ አልቀረም፤ ለባሪያ ንግድ፣ ለአፓርታይድና ለሩዋንዳ እልቂት ሰለባዎች ከሚያቆመው መታሰቢያ ጋር የዓለም በቃኝም ሟቾች እንዲታሰቡ ወስኗል።

ደቡብ አፍሪካውያን ማንዴላ 18 ዓመት የታሰሩበትን የሮበን ደሴት እስር ቤት በ1989 ዓ.ም. ሙዚየም አደረጉት፤ በ1992 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ማንዴላ የተኙባት ጠባብ ክፍል ዛሬም በጎብኚዎች ትታያለች።